መልሱን የያዘ ጥያቄ

ያን ማክሰኞ ጠዋት፣ በርገን ከተማ በአንድ የጤና ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ትንሿ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ጉንቮር፣ ሕመምተኞች የዕለት ሥራቸውን መልሰው እንዲለማመዱ ማገዝን የሚማሩት ይልቫና ስቬረ፣ እንዲሁም ከፊዚዮቴራፒ ክፍል የመጡ ጥቂት ልጆች ነበሩ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። በየወንበሩ ጀርባ የተንጠለጠለው የዝናብ ልብስ ወለሉን አርሶታል።

ይልቫ የመጣችው ክርክር ለማሸነፍ ነው። አባቷ ሃልቫርድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ እጁ ተጨብጦ አልዘረጋ ብሎታል። ሌሊት ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያ ተሰጥቶት ነበር፤ እንዳያወልቀው እየደወለች የምትቆጣጠረው ደግሞ ይልቫ ናት። እሁድ ዕለት በስልክ፣ "እንቅልፍ ነሳኝ እኮ! ጥቅሙን በጥናት አሳዪኝና አስረዋለሁ። ካልሆነ ባሕር ነው የምወረውረው" አላት። ነገ ልታየው ትሄዳለች።

"ኮምፒውተራችሁን ዝጉ" አሉ ጉንቮር። እሳቸው ዘንድ ጥያቄው በእርሳስ ሳይጻፍ ፍለጋ አይጀመርም። "ለማን? ምን ሲደረግለት? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ምኑ እንዲለወጥ? አራቱንም ጻፉ።"

"ጉንቮር፣ በዚህ አካሄዳችን እኮ ምሳ ሰዓት ይደርሳል" አለ ስቬረ።

"አንተማ ደርሶልሃል። አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

ስቬረ ቡናማ አይብ የተቀባውን ዳቦ በፍጥነት ዋጠ። ልጆቹ ሳቁ። በሳቁ መሐል ይልቫ ኮምፒውተሯን ከፈት አድርጋ ቶሎ ቶሎ ጻፈች። ወዲያው ፊቷ በራ።

"አገኘሁት! ጥናቶቹ ማሰሪያው ይጠቅማል ይላሉ። ሁሉም!"

ጉንቮር አልተቆጡም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ። "ሁሉም? የሚጠራጠር አንድ እንኳ የለም?"

"አንድም።"

"ይገርማል። እዚህ ቤት ስሠራ የጤና ባለሙያዎች በአንድ ነገር ሁሉም ሲስማሙ አላየሁም። ለመሆኑ ምን ብለሽ ጠየቅሽው?"

ይልቫ የጻፈችውን አነበበች፤ "ስትሮክ፣ የእጅ ማሰሪያ፣ ይጠቅማል።"

"እማዬ፣ ቆንጆ ነኝ አይደል? ብሎ እንደመጠየቅ ነው እኮ!" አለ ስቬረ።

"አፍህን ያዝ፣ አንተ ዳቦ!"

"ልጁ ግን አልተሳሳተም" አሉ ጉንቮር። "መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከተትሽው። ማሽኑም የሰጠሽው ያንኑ ነው። እስቲ የመጨረሻዋን ቃል አጥፊያት።"

የይልቫ ጣት ቁልፉ ላይ ቆመ። ቃሉ ከጠፋ አባቷ ሊረታት ይችላል። ግን ከቃሉ ጀርባ ምን ተደብቆ ይሆን? ይህን ሳታውቅ መሄድ ደግሞ አላስችላት አለ። አጠፋችው።

የጥናቶቹ ዝርዝር እየረዘመ ወረደ። አንዱ ትንሽ ረድቷል ይላል፤ ሌላው ለውጥ አላየሁም ይላል። ጉንቮር ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመዘነ ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩዋት። "ይህን አንብቢው። ለራስሽ ሳይሆን ለሁላችንም።"

ይልቫ ጮክ ብላ አነበበች፤ ካሰሩትና ካላሰሩት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

"እንግዲያው አባቴ ልክ ነበር ማለት ነው?"

"እሱን አላልኩም። የአባትሽ እጅ እዚህ ውስጥ የለም። የግድ ይሰረው የሚያሰኝም ግን እዚህ የለም።"

ይልቫ ጽሑፉን እንደገና አየችው። ከዚያ ድንገት ቀና አለች። "ታዲያ ምን ይረዳዋል?"

ጉንቮር ፈገግ አሉ። "ይኸውልሽ፣ ይህ ጥያቄ ነው። እርሳስሽስ የታለ?"

ይልቫ ጻፈች፦ ለማን? እጁ ለተያዘ ዓሣ አጥማጅ።

"ደግሞ ስለ ዓሣ አጥማጅ ማን አጥንቶ!" አለ ስቬረ።

"መኖር አለመኖሩን ፈልገን እናያለን" አሉ ጉንቮር፤ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

ስለ ዓሣ አጥማጅ ምንም አላገኙም። የለመዱትን ሥራ በእጃቸው ደጋግመው በመለማመድ ለውጥ ስላዩ ሰዎች ግን ብዙ ተጽፎ ነበር። ሲያነቡ ምሳ ሰዓት አለፋቸው። ስቬረም አልወጣም።

በማግሥቱ ይልቫ የአባቷ ማዕድ ቤት ገብታ ሳትቀመጥ፣ "አባዬ፣ ፈለግኩ። ይጠቅማል የሚለው አልጸናም" አለችው።

ሃልቫርድ አያት አያትና፣ "እና ልወርውረው?" አለ።

"ማሰሪያውን ያዘዘችልህን ሐኪም ሳንጠይቅማ አይሆንም። መረቦችህ ግን የት ናቸው?"

"ምን ያደርጉልሻል?"

"ለእኔ ሳይሆን ለአንተ ነው። እጅህ መረብ ትቋጥር እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው።"

"አትቋጥርም።"

"መቋጠር አለመቋጠሯን ሞክረን እናያለን" አለች ይልቫ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሟ ማሰሪያውን ማታ እንዲያወልቅ ፈቀደችለት። ማሰሪያው ጀልባ ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ሃልቫርድ ጠዋት ጠዋት መረብ መቋጠር ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ቋጠሮዎች ሁሉ ተፈቱ።