የየሻረግ አረም

ጣሊያን መተማን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ አንድ መሐንዲስ ንድፍ የተሣለበት ወረቀት ጠቅልሎ የየሻረግ ማሳ ላይ ደረሰ። የሻረግ ባሏ አርማጭሆ በረሃ ከአርበኞች ጋር ስለነበር ብቻዋን ያረሰች፣ ብቻዋን ያጨደች ሴት ናት። የሰሊጡ ነዶ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ቆሟል። ሂላ ደርቆ ፍሬው አፉን ሲከፍት ነዶውን ሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል። እስከዚያ ማንም አይነካውም፤ የቆላ ልጅ በሂላ አጠገብ እንኳ አይሮጥም።

መሐንዲሱ ወረቀቱን ዘረጋ። አስተርጓሚው ነጋዴው ሙሐመድጣሂር ነበር፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲያራግፍ ስለኖረ፣ ጣቢያ ያውቃል ብለው ጎትተው ያመጡት።

«እቴ የሻረግ፣ ከጎንደር ባቡር ይመጣል ነው የሚለው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እዚህ ትኬት መቁረጫ፣ እዚያ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ወዲያ ዕቃ ማራገፊያ። ይኸኛው ነጮች ተቀምጠው የሚጠብቁበት ክፍል ነው።»

«እኛስ?»

«እኛ ውጭ ነን፤ ፀሐይ ላይ።»

«የኔ ሰሊጥስ ወረቀቱ ላይ የት አለ?»

ሙሐመድጣሂር ይህን ጥያቄ ሳይተረጉም አለፈው።

መሐንዲሱ ማሳው አሁኑኑ ይጠረግ አለ። የሻረግ አምስት ቀን ስጡኝ፣ ዛሬ ከተነካ ይረግፋል ብትል ማን ሰምቷት። ያ ደንቆሮ ሰሊጥን ከጭድ አይለይም። አብረውት የመጡት አስካሪ ወታደሮች ሂላውን በእግር እየገፉ፣ ነዶውን እየጎተቱ ዳር ጣሉት። የዓመት ልፋቷ እየተንሿሿ የጥቁሩ የዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ቆማ አየች። አላለቀሰችም፤ ተናደደች። ራሱን ቀይ የተቀባ አርባ ችካል ተክለው፣ ከነቀልሽ ጅራፍ ነው ብለዋት ሄዱ።

በጋውን ዘንጋዳ እየቆረጠመች ከረመች።

ሰኔ ገባ። የቆላን ክረምት ለጣሊያን ማን ይንገረው! ዋልካው ለጣቢያው ዕቃ የጫነውን ካሚዮን እስከ ሆዱ ዋጠው፤ ድንጋዩም ሲሚንቶውም መንገድ ላይ ቀረ። ማሳው ላይ ግን፣ እናንተዬ፣ ማንም ሳይዘራው ያ የረገፈ ሰሊጥ በቀለ። ትኬት መቁረጫ በተባለው ላይ በቀለ፤ የነጮቹ ክፍል ውስጥማ ጭራሽ ባሰበት። የሻረግ ቀሚሷን ሰብስባ ማረም ጀመረች።

ነሐሴ ላይ መሐንዲሱ በበቅሎ መጣ። አንድም ችካል የለም።

«የት ሄዱ ይላል» አለ ሙሐመድጣሂር። «እቴ፣ ሌባ ወሰዳቸው ልበልልሽ። ይገርፉሻል።»

«ሌባ የለም። እኔ ነኝ ያረምኋቸው።»

«ተይ እንጂ፣ እቴ።»

«ቀጥ አድርገህ ተርጉም ወንድሜ። ያልዘራሁት ነገር ማሳዬ ላይ ከቆመ አረም ነው። አረም ደግሞ ይነቀላል።»

ሙሐመድጣሂር ያን የደፋውን አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አንድ ቃል ሳያስቀር ተረጎመው።

እሷን ሃያ ገረፏት። እሱንም ለድፍረትህ ብለው አሥር ጨመሩለት። መሐንዲሱ ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ችካል ይተከላል አለ።

«ይትከል» አለች የሻረግ ከመሬት እየተነሣች። «እኔም አርማለሁ።»

ጥቅምት ሲመጣ መሐንዲሱ ገና አልተመለሰም፤ ጀርባዋ ሳይሽር አጨደች። ነፋስ እንዳይጥለው ሂላውን በእነዚያው ደብቃ ባቆየቻቸው ቀይ ራስ ችካሎች ደገፈችው፤ ከመንገድ ይታያል፣ ይታይ። ማራገፊያው ቀን ደርሶ ሙሐመድጣሂር ሸራ ተሸክሞ መጣ። እሷም አምና ወረቀቱ ላይ ያሳያትን ቦታ አልረሳችውም፤ ሸራውን የነጮቹ ክፍል በተባለው ላይ አነጠፈችው።

«ግባና ተቀመጥ» አለችው።

ሙሐመድጣሂር ጫማውን አወለቀ። ገብቶ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ነዶ ተቀበላት።