አክስት የደወለችበት ኮሌጅ

ስልክ ጠጋኟ ዲግሪ ልማር ብላ ስትነሳ ሰፈሩ ሳቀባት። እንዴት አይስቅ! አሥር ዓመት ሙሉ «ዶክተር» ሲላት የኖረው እሱ ራሱ ነው። ውሃ የጠጣ ስልክ፣ መኪና የረገጠው ስልክ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከግድግዳ የተላተመ ስልክ፣ ሁሉም ነፍስ የሚዘራው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። «ዶክተር ከሆኑ በኋላ ወደ ዲግሪ መውረድ ምን ይሉታል?» አላት ጎረቤቷ ጸጉር አስተካካዩ፤ በገዛ ቀልዱም እስኪያስለው ሳቀ።

እሷ ግን ቆርጣለች። ያስቆረጠቻት ልብስ ሰፊዋ ናት። አንድ ጠዋት ዓይኗ በልቅሶ አብጦ መጣች። አንድ የማይታወቅ ሰው የመልእክት አካውንቷን ነጥቆ፣ በስሟና በፎቶዋ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ለጆሮ የሚከብድ ጸያፍ ነገር ሲልክ ውሏል። አማቷ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ ብለዋል። ባሏ «አምንሻለሁ» ይላል፤ የሚተኛው ግን ሶፋ ላይ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ነበር። መርማሪው ስልኳን እያገላበጠ አየና «ይሄማ የስልክ ጠጋኝ ሥራ ነው» ብሎ ላካት። ጠጋኟ ደግሞ የምታውቀው ስክሪን መቀየር ነው፤ «ይሄማ የፖሊስ ሥራ ነው» ብላ መለሰቻት። ምስኪኗ ሴትዮ በሁለቱ መካከል አራት ጊዜ ተመላለሰች። በአራተኛው ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። ያን ቀን ጠጋኟ አፈረች፤ ከማፈሯም የተነሳ ምሳ አልበላ አላት።

እናም ፍለጋው ተጀመረ። «የሳይበር ወንጀል ምርመራ ዲግሪ» ብላ ስልኳ ላይ ጻፈች። የኮሌጁ ብዛት ጉድ ያሰኛል! ሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ አንድ ነው፦ ፊቱን በጃኬት ቆብ የሸፈነ ጎረምሳ፣ ከጀርባው አረንጓዴ ቁጥር እንደ ዝናብ ሲወርድ። ሌባው ሳሎኑ ውስጥ በካልሲ ተጋድሞ እንደሚሠራ ለኮሌጆቹ የነገራቸው የለም። የአንዱን የትምህርት ዝርዝር ስትከፍት ተራ የኮምፒዩተር ትምህርት ሆኖ አገኘችው፤ መጨረሻው ላይ «ወንጀል» የምትል ቃል እንደ ቅመም ጣል ተደርጎበታል። ሌላው ከላይ እስከ ታች ሕግ ነው፤ ኮምፒዩተር የሚነካው ተማሪው ሲመዘገብ ብቻ ነው። ስታበጥር ስታንጓልል ሰንብታ ሦስት ቀሩ።

ከሦስቱ ልቧን የወሰደው ሦስተኛው ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ «ከስልክ የተገኘ ማስረጃ እስከ ፍርድ ቤት ሳይበላሽ ስለሚደርስበት መንገድ» የሚል ኮርስ አለ። ይህችን መስመር ደጋግማ አነበበቻት፤ ልብስ ሰፊዋን ያመላለሳት ክፍተት እዚህች ውስጥ ተጽፎ አገኘችው። ችግሩ፣ ኮሌጁ የሚቀበለው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ያውም ሃያ ሰው ብቻ ነው። ቅጹን በዚያው ሞልታ ላከች፤ የአመልካች ቁጥሯ አርባ ሰባት ሆነ። ሃያ ቦታ፣ አርባ ሰባተኛ ሰው። እንግዲህ ለክፉም ለደጉም ስለ ቀሩት ሁለቱም ልጠይቅ ብላ ደወለች። አንደኛው «ብሮሹሩን ያንብቡ» አላት። ሁለተኛው «ሰኞ ይደውሉ» አላት፤ ሰኞ ስትደውል «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሆነ።

ይህን ሁሉ አክስቷ ከሶፋው ላይ ሆና ትሰማለች። እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመቷን ልጅ ወስዳ ያሳደገቻት ይህች አክስት አርባ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበረች። ማዞሪያው ተነቅሎ ብረቱ ከተሸጠ ቆይቷል። ድምጿ ግን ጡረታ አልወጣም። በዘመኗ «መስመር ላይ ይጠብቁ» ስትል የማይጠብቅ ባለሥልጣን አልነበረም፤ ቢያንስ እሷ የምትለው እንደዚያ ነው።

«አንቺ እኮ እንደ ለማኝ ነው የምትደውዪው» አለቻት። «ይቅርታ፣ ቢቻልዎ፣ ካላስቸገርኩ። እንዲህ ለሚል ሰው ማን መልስ ይሰጣል? ወዲህ በይው።»

ስልኩን ተቀበለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ወገቧን አቀናች።

«ከማዕከል ነው። ሬጅስትራሩን ያገናኙኝ።»

የየትኛው ማዕከል? ማንም አልጠየቀም። የአንደኛው ኮሌጅ ሬጅስትራር ዕድሜው የገፋ ሰው መሆን አለበት፤ ከወንበሩ ብድግ ሲል ወንበሩ ሲጥ ሲል በስልኩ ተሰማ። ላብራቶሪው ለጊዜው የዴስክ መጋዘን መሆኑን፣ ኮርሱንም የስፖርት መምህሩ ደርበው እንደሚያስተምሩ አንድ በአንድ ተናዘዘ። ሁለተኛው ኮሌጅ ስልኩን ያነሳው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። እሱማ ማን ያስቁመው! ፕሮግራሙ ገና በወረቀት ላይ እንዳለ፣ የተመዘገበ ሁሉ ወደ ሆቴል አስተዳደር እንደሚመደብ ነገራት፤ ያልተጠየቀውን የዲኑን የትዳር ጣጣም ምርቃት ጨመረላት። ጠጋኟ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ሦስተኛውስ?» አለች አክስት፤ ሞቅ ብሏታል።

«እሱን እንዳትነኪው። አመልክቼበታለሁ።»

«እኔ ምን ቆርጦኝ!»

በዚያው ቅጽበት ደንበኛ ደወለና ጠጋኟ ወደ ሱቋ ሄደች። አክስት ብቻዋን ቀረች፤ ከጎኗ የራሷ ስልክ አለ።

ጠጋኟ ለቃለ መጠይቅ የተጠራችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር፣ ሁለት ጠያቂዎች። አንዷ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሬጅስትራር ናት። ሌላው ጡረታ ወጥቶ መምህር የሆነ የቀድሞ የወንጀል መርማሪ ነው፤ ራሱ የተላጨ፣ ዝምታ የሚወድ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደ ውሃ ፈሰሰ። መምህሩ የተሰባበረ ስልክ ሰጣት፤ እንዴት እንደምትከፍተው፣ ምኑ ቢነካ ምን እንደሚጠፋ ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። ልቧ «ገባሁ» ማለት ጀመረ።

ያኔ ሬጅስትራሯ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረች።

«ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ቢሮ ስልክ ተደውሎ ነበር» አለች። «ያዳምጡ።»

«ከማዕከል ነው» አለ ላፕቶፑ። «የአመልካች ቁጥር አርባ ሰባት ፋይል ከላይ እንዲሆን ታዟል። መስመር ላይ እጠብቃለሁ።»

«የየትኛው ማዕከል?» ይላል የሬጅስትራሯ ድምፅ።

«የማዕከሉ ማዕከል!»

ከጀርባ የቢሮ ልጆች ሲንከተከቱ ይሰማል። አንዷ «ኑ ስሙ፣ ኑ ስሙ፣ አሮጊቷን ስሙ!» ትላለች።

«አርባ ሰባት እርስዎ ነዎት» አለች ሬጅስትራሯ። «ይህን ድምፅ ያውቁታል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቅጹ ላይ በደማቁ ተጽፏል፦ ምርጫውን በማናቸውም መንገድ ለማስለወጥ የሞከረ ይሰረዛል። «አላውቀውም» ማለት አንድ ቃል ነው። «አውቀዋለሁ» ማለት ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት ስክሪን መቀየር ነው፤ ያውም ሁለተኛ ቢያስጠጓት። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት ብሎ ማስዋብ ይቻል ነበር፤ ውሸት ነው። እውነቱ፣ ይህ ድምፅ ልጅ ሳለች በየጠዋቱ ለትምህርት ቤት የቀሰቀሳት ነው። ድምፁን አላውቅም ማለት አፏ ላይ አልመጣ አለ።

«አውቃታለሁ» አለች። «አክስቴ ናት።»

«አንቺ ነሽ ያስደወልሻት?» አለ መምህሩ።

«አይደለሁም። አትደውዪ ብያት ነበር። ግን ከዚያ በፊት ሌሎች ሁለት ኮሌጆች ላይ እንዲሁ ስትደውል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስስቅ ነበር። እሱንም ይጻፉት።» ከዚያ፣ አንዴ ከጠፋሁ አይቀር አለችና ጨመረች፤ «ቅጂውን ቢያስቀጥሉት።»

ሬጅስትራሯ አስቀጠለችው። ከሳቁ በኋላ የራሷ ድምፅ ይመጣል፦ «እናት፣ አርባ ሰባት ገና አልታየም፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ በሉ ደህና ዋሉ።»

«እዚህ ጋ» አለች ጠጋኟ። «አርባ ሰባት የሚባል አመልካች መኖሩን፣ ፋይሉ እንዳልታየ፣ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሰጥተዋታል። የደወለው ሌባ ቢሆን ኖሮ እየሳቃችሁበት የሚፈልገውን ይዞ ይሄድ ነበር።»

መምህሩ ድንገት ሳል ያዘው፤ አፉን በእጅጌው ሸፈነ። ሬጅስትራሯ መነጽሯን አደረገች፤ አወለቀች፤ መልሳ አደረገች።

«ውጪ ይጠብቁ።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ያልተሰደበ የቤተሰብ አባል የለም፤ ከሁሉ በላይ ራሷን ሰደበች። ሲጠሯት ሬጅስትራሯ ቀና ብላም አላየቻትም። «ትምህርት ሰኞ ይጀመራል» አለች። «ክስተቱ ግን መመዝገብ አለበት። ይሙሉ።» አንድ ገጽ ቅጽ ነው። «የፈጻሚው ሙሉ ስም» የሚል ክፍት ቦታ አለው። ጠጋኟ ያሳደገቻትን ሴት ስም እስከ አያት ጻፈች፤ ፈረመችም። ከዚያ ክፍል ደስ ብሏት መውጣት ሲገባት ሆዷ ባብቶ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አክስቷ በር ላይ ቆማለች።

«እሺ?»

«ገባሁ።»

አክስት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ «ብዬ ነበር! ብዬ ነበር!» እያለች ወደ ውስጥ ጎተተቻት። ሻይ ቀዳችላት፤ ስኳሩን ከልክ በላይ አበዛችው። ጠጋኟ ብርጭቆውን አልነካችውም።

«ደውለሽ ነበር አይደል?»

የአክስት እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ።

«ቅጂ አላቸው። ማን ናት ሲሉኝ ነገርኳቸው። ስምሽን ሰጠሁ፣ እስከ አያትሽ። በፊርማዬ።»

ጠጋኟ ለጩኸት ተዘጋጅታለች፤ ላሳደግኩሽ ይህ ነው ወይ ለሚለው፣ ለእርግማኑም፣ ለእንባውም። ከእነዚህ አንዱም አልመጣም። አክስት ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ የቀሚሷን ጫፍ በጣቶቿ አስተካከለች።

«ስሜን በመስጠትሽ ደግ አደረግሽ። እሱን ተይው» አለች። «እንዴት ነቁብኝ? አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ነቅቶብኝ አያውቅም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤ «ድምፄ አረጀ እንዴ?»

በጠጋኟ ጆሮ ውስጥ የእነዚያ የቢሮ ልጆች ሳቅ አለ። ኑ ስሙ፣ አሮጊቷን ስሙ። በሁለት የተማሩ ጠያቂዎች ፊት እውነቱን ተናግራ የመጣች ሴት፣ አሁን የሻይ ብርጭቆዋን አንስታ ትኩር ብላ አየችው።

«ኧረ አላረጀም! ማሽን አላቸው» አለች። «የሚደውለውን ሰው ቁጥር ያሳያቸዋል። ድምፅሽማ እንደ ድሮው ነው።»

አርባ ዓመት በሽቦ ጫፍ ላይ የሰው ድምፅ ስታዳምጥ የኖረች ሴት፣ ያሳደገቻትን ልጅ ውሸት ለመለየት ግማሽ ቃል ይበቃታል።

«ማሽን ነዋ» አለች አክስት። «ማሽን ከሆነማ ምን ይደረጋል።»

ከዚያም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።