በማር የታሰረው እንደራሴ

ልባም አንባቢ ሆይ፥ ንዋይ በሣጥን ተቆልፎ ሲኖር የሚነሣው የባለቤቱን እንቅልፍ ብቻ ነው፤ ከሣጥኑ ወጥቶ ሕግ ወደሚረቀቅበት አዳራሽ በገባ ጊዜ ግን ድኻው ሳይሰማ ይፈረድበታል፥ ጌታውም ሳይጠይቅ ይፈረድለታል። አገባቡም በሰይፍ አይደለም፤ በውለታ ነው እንጂ።

እንደራሴ በሕዝብ ድምፅ ይመረጥ ዘንድ በታወጀበት፥ ነገር ግን ርስት የሌለው ለመመረጥ አይበቃም በተባለበት ዘመን፥ አቶ ቢሰውር የሚባል አንደበተ ርቱዕ፥ እጀ ባዶ ሰው ነበረ። የአውራጃው ባለጸጋ ፊታውራሪ አምበርብር ከርስታቸው ቆርሰው በስሙ አጻፉለት፥ ለመራጮቹም ሰንጋ ጣሉለት፤ በግብሩም መካከል እንደ አገሩ ልማድ አውራ ጣታቸውን በማር ነክረው አጠቡትና የጡት ልጃቸው አደረጉት። እንዲህ ያሉ የማር ልጆች በምክር ቤቱ ሌሎችም ነበሯቸው። የጡት ልጅ አባቱን በአደባባይ አይቃወምም፤ አባቱ ሲገባም ተነሥቶ «ኖር» ይላል፥ «በእግዜር» እስኪባልም አይቀመጥም። ፊታውራሪ ይህን ክብር ከጠጅ አብልጠው የሚወዱ ስለ ነበሩ፥ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ካለቀ በኋላ መግባት ልማዳቸው ነበረ።

ከዘመን በኋላ፥ ጭሰኛ የዘራውን ሳያጭድ ከማሳው እንዳይነቀል የሚያዝዝ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። የሚደግፍ ይቆማል፥ የማይደግፍ ይቀመጣልና፥ ፊታውራሪ «ልጆቼ ቁጭ ይበሉ» ብለው ላኩ። የቢሰውር ታላቅ እኅት እታባይ ግን የእኒሁ ጌታ ጭሰኛ፥ ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ነበረች፤ ማሳውን ልቀቂ በተባለች ጊዜ ወደ ከተማ ወርዳ በወንድሟ ፊት ቆመች።

«ጤፌ ገና ቡቃያ ነው፥ ቢሰውር። ልጆቼን ይዤ የት እወድቃለሁ?» አለችው።

«እትዬ፥ ማር አጥብተውኛል» አላት ዐይኑን ሰብሮ።

«እናታችን አንተን ወልዳ ስትሞት ከልጄ ጋር ያጠባሁህ እኔ ነኝ። የኔው ወተት እንጂ ማር አልነበረማ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ጉባኤው በተሰየመበት ዕለት ቢሰውር ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ፤ ተቀምጦ ሊቀርም ቆርጦ ነበር፥ ይህ አይሸሸግም። በእንግዶች ሰገነት ላይ ለፊታውራሪ የተጠበቀው ወንበር እንደ ልማዳቸው ገና ባዶ ነበረ፤ በዚያም ሰገነት አንዲት ቃል የተናገረ እንግዳ በዘበኛ ተይዞ እንዲወጣ ደንቡ ያዝዛል። አፈ ጉባኤው «ረቂቁን የሚደግፍ ይቁም» ባሉበት ቅጽበት የሰገነቱ በር ተከፈተ፥ ፊታውራሪም ካባቸውን እየጎተቱ ገቡ። የማር ልጆች ሁሉ፥ እግራቸው ከልባቸው ቀድሞ፥ ብድግ አሉ፤ ቢሰውርም አብሮ ተነሣ።

ፊታውራሪ የሆነውን በተረዱ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዘራቸውንም ወደ ታች እየወዘወዙ እንዲቀመጡ ምልክት ሰጡ። አንዱ ተቀመጠ፥ ሌላውም ተከተለ። ቢሰውር ሊቀመጥ ጎንበስ አለ፤ ርስቱም፥ ማዕረጉም፥ እንጀራውም በዚያች ከዘራ ጫፍ ላይ እንዳሉ ያውቅ ነበር። የእኅቱ ቃል ግን አላስቀምጥ አለው። ቀና ብሎ እጅ ነሣና አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ኖር፥ አባቴ። በእግዜር ሳይሉኝ መቀመጥ ነውር ነው» አለ።

ተቀምጠው የነበሩትም በሕዝብ ፊት ባለጌ ላለመባል እያፈሩ ዳግመኛ ቆሙ። ፊታውራሪ አፋቸውን ከፈቱ፥ ዘበኛውን አዩ፥ በልጆቻቸው ፊት ተይዞ መውጣትን ፈርተው መልሰው ዘጉት። ጸሓፊው ቆጠረ። «በእግዜር!» ብለው የጮኹት የአፈ ጉባኤው መዶሻ ካረፈ በኋላ ነበረ፤ ዘበኛውም ያን ጊዜ ክንዳቸውን ያዘ።

ሕጉ ጸና፤ ቢሰውር ግን በስሙ የተጻፈውን ርስት ተነጠቀ፥ ከዚያም ወዲያ ዕጩ ሊሆን አልበቃም። በመኸር ጊዜ አቧራ ለብሶ፥ አንገቱን ደፍቶ በእኅቱ አውድማ ዳር ሲደርስ፥ ታላቋ እርሷ ሆና ሳለ ከጤፏ ክምር ሥር ተነሥታ «ኖር፥ ወንድሜ» አለችው። «በእግዜር» አለ፥ ከአጠገቧም ተቀመጠ። ባለጸጋ የሸንጎን ወንበር ይገዛ ይሆናል፤ በወንበሩ የሚቀመጠውን ሰው ግን ጨርሶ የገዛ ገና አልተወለደም።