ክራንቹ በቀነኒ እጅ

ቲቸር እሴት ፈርታለች። እሁድ ጠዋት ነው፤ ጭሮ ውስጥ ባለች አንዲት የጸሎት አዳራሽ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት በአንድ እግሯ ቆማለች። ክራንቾቿን የአዳራሹ ሽማግሌ ጋሽ ኦልጅራ ተቀብለው ለታናሽ እህቷ ለቀነኒ ሰጥተዋታል።

ከአምስት ሳምንት በፊት በቦኬ መንገድ ላይ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭኗ ተሰበረ፤ ብረት ገባለት። ሐኪሙ፣ «ሦስት ወር እንዳትረግጪበት። ብረቱ ከተነቃነቀ እግርሽ ያጥራል» ብሎ አስጠንቅቋታል።

ጋሽ ኦልጅራ ክፉ ሰው አይደሉም። ሆስፒታል ስትተኛ በየቀኑ ሾርባ ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። ችግራቸው፣ ሲጸልዩ ይቸኩላሉ። በዚህ አዳራሽ ደግሞ የተጸለየለት ሰው ድጋፉን ጥሎ መራመድ ልማድ ነው። ያልተራመደ እምነት ጎደለው ይባላል፤ ፊት ለፊት የሚለው ባይኖርም ከኋላ ማን ምላሱን ይይዛል?

«እህት እሴት፣ ጌታ ፈውሶሻል። አንዲት የእምነት እርምጃ ብቻ ተራመጂ» አሉ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

እሴት ለሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታስተምራለች። «ስቴፕ» የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ ሰሌዳው ላይ ደረጃ ትስልና፣ አንዱ እርምጃ የእግር ነው፣ ሌላው የልብ ነው ትላለች። ተማሪዎቿን ሁሌም የሚያስቸግራቸው የልቡ ነው። ዛሬ ሁለቱም በእሷው ላይ መጡ። ጋሽ ኦልጅራ የሚጠይቁት የልቡን ነው፤ ዕዳው ግን የእግሯ ነው።

ብትረግጥ አንካሳ ሆና ልትቀር ነው። ባትረግጥ ባደገችበት ቤት መጠቋቆሚያ ልትሆን ነው። እግዜርንም፣ ሰውንም፣ ወለሉንም ፈራች። ተረከዟ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ብረቱ የተነቃነቀ መሰላትና እግሯን ሰበሰበች።

ቀነኒን አየቻት። ክራንቾቹን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። በጸሎት የምትታማ ልጅ አይደለችም፤ ዛሬ ግን የምትጸልይ ትመስላለች።

«ጋሼ» አለች እሴት። «ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ። ግን አልረግጥም። ሐኪሙ ገና ነው ብሎኛል።»



«ቀነኒ፣ ኮቱ» ብላ በኦሮምኛ ወደ እሷ ጠራቻት።

ቀነኒ ዓይኗን ገለጠች። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል መጥታ ክራንቾቹን በየብብቷ ሥር ደገፈችላት። እስከ በሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሴት ላቧ እየወረደ ጨረሰችው።

ውጪ አጥሩ ጥግ ደርሰው ቆሙ። «አሳፈርኩሽ አይደል? ጸሎትሽንም አቋረጥኩብሽ» አለቻት እሴት።



«የምን ጸሎት? ዓይኔን የጨፈንኩት ስትወድቂ እንዳላይ ነው።»