ሁለተኛው እጅጌ

፩.

ግራ እጅጌ። ነጭ ሳቲን፤ ከክርን እስከ አንጓ በጨርቅ የተለበጡ ጥቃቅን ቁልፎች።

ቀኙ የለም።

፪.

ትርንጎ የምትሰበስበው ሙሉ ልብስ አይደለም። ሙሉ ልብስ ባለቤት አለው ትላለች፤ ቁራጭን ግን ማን ይፈልገዋል? ከወይዛዝርት ካባ የተረፈ ኮሌታ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ የደረት ቁራጭ፣ ጣቶቹ ያልተሰፉ ጓንት። ከምናለሽ ተራም፣ ከሚፈርሱ ቤቶችም እየለቀመች ግድግዳዋ ላይ በስፒል ትሰካለች።

"ይቺ ሴትዮ ባል ቢጠፋ እጅጌ አገባች" ይሏታል ጎረቤቶቿ። አብራቸው ትስቃለች።

፫. እጅጌ

እናቷ ወይዘሮ አልጋነሽ ፒያሳ ላይ የታወቁ የቬሎ ሰፊ ነበሩ። ናሙና ሲሠሩ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚሠሩት፤ አንድ እጅጌ፣ ግማሽ ኮሌታ። "ሌላው ጎን ባለቤቷ ስትመጣ ይሰፋል።"

ትርንጎ ኮረዳ ሳለች ያንን ግራ እጅጌ ክንዷ ላይ ለኩት።

"ይሄ ያንቺ ነው። ቀኙን ለሠርግሽ እሰፋዋለሁ።"

ሠርጉ አልመጣም። እጅጌው እናቷ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። የግድግዳው ቁራጭ ሁሉ የተለቀመው እሱን አጃቢ እንዲሆን ነው።

፬.

እዚህ ላይ ስለ ወይዘሮ አልጋነሽ ሞት መጻፍ ነበረብኝ። ማንም አላስተማረኝም። ጀምሬ ቀደድኩት፤ ደግሜም ቀደድኩት። የቀረው ይኸው፦

ሞቱ።

፭. እጅጌ

ከአርባው በኋላ ሳጥኑ ሲከፈት እጅጌው የለም።

ትርንጎ፦ የሺ፣ እጅጌዬን አይተሻል?

የሺመቤት (ታናሽ እህቷ)፦ የቱን? ቤትሽ ሙሉ እጅጌ አይደል እንዴ!

ትርንጎ፦ የእማዬን ነዋ።

የሺመቤት፦ ለቅሶ ቤት ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ወጣ እትዬ። እኔን ነው የምትጠይቂኝ?

ትርንጎ፦ ኧረ አንቺንስ አልጠረጠርኩም።

የሺመቤት፦ (ሳጥኑን ትዘጋለች)

፮.

በመጨረሻው ዓመት የእናቷ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዓይናቸውም ደክሟል።

"ትርንጎዬ፣ ነጭ ክር አስገቢልኝ።"

"ምን ልትሰፊ ነው እማዬ?"

"የትራስ ልብስ።"

ታስገባላቸውና ቁራጭ ፍለጋ ትወጣለች። ጠዋት ጠዋት እንደዚያ ነበር። ትራሱን አይታው አታውቅም።

፯. እጅጌ

ሙት ዓመቱ ወጣና የየሺመቤት ልጅ ሶስና ተዳረች። ሙሽራው ከነአጀቡ ደጅ ደርሶ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። ሶስና ሚዜዋን ላቅፍ ብላ ክንዷን ስታነሳ የቀኝ ትከሻዋ ስፌት ተተረተረ።

"ወይኔ ቬሎዬ! አክስቴ፣ ድረሺልኝ!"

ትርንጎ ጎንበስ አለች።

ግራ እጅጌ። ነጭ ሳቲን፤ በጨርቅ የተለበጡ ጥቃቅን ቁልፎች።

ቀኝ እጅጌ።

የግራው ስፌት እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ቀጥ ያለ ነው። የቀኙ ግን ይወላገዳል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጨርቁን ስቶ ያለፈ። የሚንቀጠቀጥ እጅ የሰፋው ነው።

ክሩን አወቀችው። ያስገባችው እሷ ናት።

፰.

ትርንጎ፦ መቼ?

የሺመቤት፦ እትዬ፣ ዛሬ አይሁን፤ በእናትሽ።

ትርንጎ፦ በማን?

የሺመቤት፦ እማዬ ራሷ ናት እኮ ያለችው። "የትርንጎ ጊዜ አለፈ፤ ጨርቁ ሳያረጅ ልጅቷ ትልበሰው" አለች። እንዳትነግሯትም አለች። ታዝናለች ብላ።

ትርንጎ፦ ስትሰፋው አጠገቧ ነበርሽ?

የሺመቤት፦ አንቺ ስትወጪ እመጣ ነበር።

ሶስና፦ ኧረ ምንድን ነው የምታወሩት? ሰዎቹ ገቡ እኮ!

፱.

የሺመቤት መርፌና ነጭ ክር ዘረጋችላት።

"እትዬ፣ ክር አስገቢልኝ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።"

የትከሻው ስፌት ከግማሽ በላይ ለቋል። አንዴ ሳብ ቢያደርጉት እጅጌው ሙሉውን ይመጣል። ትርንጎ ስንቱን አሮጌ ልብስ ፈትታለች፤ ታውቀዋለች። እቤቷ ግድግዳው መሀል ላይ ለእሱ የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ ስፒሉ እንደተሰካ ነው።

፲.

የክሩን ጫፍ በምራቋ አሾለችው። በአንደኛው ሙከራ ገባ።

በሌላ እጇ እጅጌውን ያዘች። ከውስጡ የልጅቷ ክንድ ይሞቃል።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለቻት።

፲፩. እጅጌ

ግራና ቀኝ፤ ሁለቱም ከሙሽራዋ ጋር ወጡ።