ሁለቱ መጻሕፍት ሲጣሉ

ሰው በመጽሐፍ ይታሰራል ቢባል ማን ያምናል? ገብረአማኑኤል ግን ታሰረ፤ ያውም በሁለት መጽሐፍ። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር፤ ቦታው አንኮበር፣ የፊታውራሪ ወልደአረጋይ ግቢ፣ ከጎተራው ጎን ያለች ዕቃ ቤት። በሩን ከውጭ የሚቆልፉበት «ባሩድ እንዳይሰረቅ» ብለው ነው። ሰውየው አብሮ መቆለፉ ለማንም ጉዳይ አልነበረም።

ገብረአማኑኤል የደብረ ብርሃን ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። ኮሪያ ዘምቶ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቷል፤ እንግሊዝኛ ማንበቡንም እንደ ምንም ይወጣዋል። ፊታውራሪ ያስጠሩት «ለሦስት ቀን» ብለው ነበር፤ ይኸው አሥራ አንድ ቀኑ። ሚስቱ በሰለች ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያቸው ነው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔ ሳምጥ አንተ የጌቶችን ሽጉጥ ስትወለውል እንዳትገኝ!» ብላዋለች። እሱም በአማኑኤል ምሎላታል። ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም፤ ሕፃኑ ሳይመጣ ቤቱ መግባት ብቻ።

መዘዙን ያመጣው አንድ ፈረንጅ ነው። ከፊታውራሪ ጋር ቆላ ወርዶ ሲያድን ከርሞ አገሩ ሲገባ፣ ማግነም የሚሏትን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሰጣቸው። ወይ ሽጉጥ! ድምጿ ገደል ያናጋል፤ ጥይቷ ግን አዲስ አበባም አይገኝ። ፈረንጁ ይህን አውቆ አንድ ቆርቆሮ ባሩድ፣ የእርሳስ አረር፣ እሳት የሚያቀብለውን ካፕሱል፣ ባዶ ቀለህ መሙያ መሣሪያና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። መጽሐፉ ለየትኛው አረር ስንት ባሩድ እንደሚጨመር ይናገራል።

ታዲያ ገብረአማኑኤልም ከኮሪያ ያመጣው የራሱ ቀጭን መጽሐፍ አለው። ያው ባሩድ፣ ያው አረር፣ ያው ዓይነት ሽጉጥ፤ ቁጥሩ ግን ለየቅል። ቀጭኑ «ከዚህ እንዳታልፍ» ካለበት ላይ ወፍራሙ «ከዚህ ጀምር» ይላል። ማን ነው የሚዋሸው? ምናልባት ሁለቱም አይዋሹም፤ አንዱ የተፈተነበት ሽጉጥ ሌላ፣ ቀለሁም ሌላ ይሆናል። ኮሪያ ያስተማረው ፈረንጅ ሃምሳ አለቃ፣ «ሁለት መጽሐፍ ሲጣላብህ ከትንሹም በታች ጀምር፤ ቀሪውን የተተኮሰው ቀለህ ራሱ ይነግርሃል» ይለው ነበር።

እንደዚያው አደረገ። በወርቅ አንጣሪ ሚዛን እየመዘነ ከትንሹ በታች ሞላ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሽጉጧን ከግንድ ጋር ጠፍሮ፣ ራቅ ብሎ በሲባጎ ሳበ። ቀለሁ ሳያስቸግር ወጣ፤ ካፕሱሉም ቅርጹን አልለቀቀም። ጥቂት ጨመረ፤ አሁንም ደግ። ስድስት አዘጋጅቶ ለፊታውራሪ አቀረበ። በልቡ ጓዙን ሸክፎ ጨርሷል።

ፊታውራሪ አንዷን ጥይት አንሥተው ጆሯቸው ሥር ነቀነቋት። ሿ፣ ሿ፣ ሿ። ባሩዱ ውስጡ ይንሿሿል።

«ጎዶሎ ናት» አሉ።

እኚህ ሰው፣ ልብ በሉ፣ እህል ሲሰፈር ቁናው ጢም ብሎ ቁንጮ ካላወጣ ዕረፍት የላቸውም። ለደብተራዎች በጎደለ ቁና የሰፈረ አንድ ጎተራ ጠባቂ ከግቢያቸው የወጣው በዱላ ነው። በአባታቸው ዘመን ደግሞ ውጅግራ የሚሉት የጥንት ጠመንጃ ቀለህ ሲሞላ እስከ አፉ ነበር።

«ጌታዬ፣ የዛሬ ባሩድ እንደ ጥንቱ አይደለም። እስከ አፉ ከተሞላ ሽጉጧን ይበትናታል፤ ከነእጅዎ።»

«የኔ መጽሐፍ ምን ይላል?»

«ጨምር ይላል።»

«ያንተውስ?»

«ቀንስ።»

ፊታውራሪ ሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽማግሌ ተቀምጠው ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። «ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቃል? ሁለት ባላጋራ ሲመጣ መሀል ይቆረጣል! ከዚያም ትንሽ፣ ከዚህም ትንሽ። ጎዶሎ ጥይት ግን ለእንግዳ አላቀርብም፤ ጎዶሎ ካመጣህ የቀረው ባሩዴ የት እንደገባ እጠይቅሃለሁ። እሑድ ደጃዝማች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። በሳቸው ፊት እንተኩስና ትሄዳለህ።»

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ገብረአማኑኤል እጅ ነሥቶ ወጣ፤ ዕቃ ቤቱ ተቆለፈበትና ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘረጋ። መሀል መቁረጥ! የድንበር ክርክር መሰላቸው እንዴ? አልቆርጥም ቢል ግን ሌባ መባል ነው፤ ሌባ ከተባለ ደግሞ በሰለች ብቻዋን ታምጣለች። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ያን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ እያወቀ፣ መሀሉን ቆረጠ። ሞልቶ ቢነቀንቃት አሁንም ሿ ትላለች። ከጋቢው ጫፍ ጥጥ ነጨና ባሩዱ ላይ ጠቅጥቆ አረሩን ገጠመበት። ይህን ወፍራሙም ቀጭኑም አልጻፉትም። ጥይቷ ዝም አለች፤ እሱ ግን በገዛ እጁ አፈረ።

እሑድ እንግዳው መጡ፤ ግቢው በሰው ሞላ። ፊታውራሪ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ነቀነቁና «ይኸዋ!» አሉ። በዚያ ቤት ጠጅ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ወጉ ነው። ስለዚህ ሽጉጧን ለገብረአማኑኤል ሰጡትና «ቅመሳት» አሉት። በበሩ በኩል የተጫነች በቅሎ ቆማለች፤ ደብረ ብርሃን የምታደርሰው እሷ ናት።

«አማኑኤል አባቴ» አለና ሳበ። እጁ ወደ ላይ ተወነጨፈ፣ ዒላማው ግንድ ተሰነጠቀ፣ ግቢው በእልልታ ቀለጠ። እጁን አየው፤ አለ። ተመስገን።

ቀለሁን ሊያወጣ ቢሞክር ግን አልወጣ አለው። በእንጨት እየገፋ አስለቀቀው። ካፕሱሉ ተደፍጥጦ ከቀለሁ ቂጥ ጋር እኩል ሆኗል። ይህን ኮሪያ አይቶታል፤ መሣሪያ «በቃኝ» ሲል እንዲህ ነው። በሁለተኛው ልትበተን ትችላለች፤ ላትበተንም ትችላለች።

«በል አምጣት!» አሉ ፊታውራሪ እጃቸውን ዘርግተው። «አምስቷ የኔ ናት። አንተ በቅሎህ ላይ ውጣ።»

ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሲመሽ በሰለች ዘንድ ነው። እኚህ ሰው ሁለት ሳምንት ቆልፈውበታል፤ እጃቸው ቢቆረጥ ምን ገዶት? እንዲህ ብሎ አስቧል፤ ምን እዋሻለሁ። ሽጉጧን ግን ሊያቀብል አልቻለም። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው።

«ጌታዬ፣ አይተኩሷት። ከልክ በላይ ናት። እንዳትንሿሿ ብዬም ጥጥ ጠቅጥቄባታለሁ።»

እልልታው ተቋረጠ። ደጃዝማች ፊታውራሪን አዩ፤ ፊታውራሪ መሬት መሬት አዩ።

«ባሩዴንስ?»

«አንዲት ፍሬ አልነካሁም። ቆርቆሮውን ያስመዝኑት።»

«ከሁለቱ መጻሕፍት እውነተኛው የትኛው ነው?»

«አላውቅም።» ከመጀመሪያው ቀን ማለት የነበረበት ይህንኑ ነበር። «ስለማላውቅ ነው ከትንሹ የጀመርኩት።»

ገብረአማኑኤል ጅራፍ ሲጠብቅ፣ ፊታውራሪ መጥተው ትከሻውን ያዙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ደጃዝማች፣ ሰሙልኝ? በዚህ ቤት አርባ ሰው አለኝ። አላውቅም ያለኝ፣ በእንግዳዬ ፊት እየተዋረደ እውነት የነገረኝ አንድም ሰው የለም። እጄን አተረፈልኝ! እንዲህ ያለውን ሰው አግኝቼ እለቀዋለሁ? አንተ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመሣሪያዬ ሹም ነህ። ቤት ይሰጠው! ካባ አልብሱት!»

«ጌታዬ፣ ሚስቴ ልትወልድ ነው፤ ዛሬ ነገ...»

«በቅሎዋ አሁኑኑ ትሂድና ታምጣታ! ልጁም እዚሁ ይወለድ፤ ክርስትና እኔው አነሣዋለሁ።»

በዘጠኝ ወሯ? ያን ሁሉ መንገድ በበቅሎ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ቁልቁለት? ገብረአማኑኤል ይህን ሊል አፉን ሲከፍት እልልታው ዋጠበት። ካባውን ደረቡለት፤ ከበደው። ጎንበስ ብሎ የፊታውራሪን ጉልበት ሳመ፤ ሌላ ምን ይደረጋል? ቀና ሲል አንድ አሽከር በቅሎዋን እየሳበ በበሩ ሲወጣ አየ።