በሱሪ ኑ

«ፊልሙን አሳዩ፤ እኔ ምን ቸገረኝ» አለ ኤልፋስ፣ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ። «ግን እነዚያ የእህቴ ልጅ ጓደኞች በቀሚስና በረጅም ተረከዝ እዚህ ድንኳን ዝር ቢሉ በጅራፍ ነው የማስወጣቸው። እንደ ወንድ ለብሰው ይምጡ። አንተም ለጠየቀህ ሁሉ ‹ጓደኛው ነኝ› በል።»

ቴቦሆ የሻይ ትሪ እንደያዘ ቆሟል። ከሟች ጋር አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ ተጋርቶ ስንት ዓመት ኖሯል፤ በዚህ ለቅሶ ግን ሥራው ሻይ ማዞርና ወንበር መደርደር ሆኗል።

«እሺ ማሉሜ» አለ። አጎቴ ማለቱ ነበር።

«ማሉሜ አትበለኝ! አንተን ደግሞ የት አውቄህ ነው የምዛመድህ?»

ጉድ እኮ ነው! አምና ለገና በዓል፣ ቴቦሆ የጠበሰውን ሥጋ እየበላ «የኔ ልጅ» ሲለው የነበረው ይኸው ኤልፋስ ነው። ግን ምን ይደረግ፤ አባት ለሌለው ልጅ አጎቱ አባትም ዳኛም ነው። ሬሳውም በእሱ እጅ ነው።

ለኤልፋስ ሟቹ ሙዚዋንዲሌ ነው። ለሰፈሩ፣ ለመጠጥ ቤቱ፣ ለጆሃንስበርግ የዘፈን ቤቶች ግን ኖማጉጉ ናት። ባለፈው እሁድ መድረክ ላይ ስትወጣ የነበረች ሰው፣ ሰኞ ጠዋት ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ እንዳለች ልቧ ቀጥ አለ። ቴቦሆ ቀልድ መስሎት ስቆ ነበር፤ ስታስቀው ነው የኖረችውና።

አንዲት ፊልም ሠሪ ሦስት ክረምት ተከትላት ፊልም አውጥታላታለች። በፊልሙ ውስጥ ኖማጉጉ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ በሰፈሯ በኳቴማ መንገዶች ቤት ለቤት ትዞራለች። «እዚች ቤት» ትላለች፣ የዛገ በር በጥፍሯ እያንኳኳች፣ «በነጮቹ መንግሥት ጊዜ እንደኛው ወንድ ተብላ የተወለደችው እማ ቬሮኒካ ሠርጓን ደግሳለች። ሙሽራው ማዕድን ቆፋሪ፣ ሙሽሪት እሷው! ፖሊስ በሩን ሲሰብር በመስኮት ዘለለች፤ ቀሚሷን ግን አላወለቀችም። እና እኛን ዛሬ ከሰማይ ዱብ ያልን አታስመስሉን። እናቶች አሉን።»

ከተማ ላይ ሲታይ አዳራሹ ሙሉ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበላት። እሷ ግን በታክሲ ሲመለሱ ኩርፍ አለች። «የማያውቀኝ ሰው ቢያጨበጭብልኝ ምን ይረባኛል? እኔ የምፈልገው እዚሁ እኛ መንገድ ላይ አንሶላ ተሰቅሎ እንዲታይ ነው። በር ሲዘጉብኝ የነበሩት በራቸውን ይዩት!» ቴቦሆ አሳይሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። ስለዚህ ነው ለኤልፋስ እሺ ያለው።

ከዚያም ቬሮኒካ ዘንድ ሄደ። አሁን አርጅታለች፤ በከዘራ ነው የምትሄደው።

«በሱሪ?» አለች።

«ለአንድ ቀን ነው እማ ቬሮ። ስለ ኖማጉጉ ብለሽ።»

«ስለ ኖማጉጉማ ራቁቴንም እመጣለሁ! ችግሩ ሱሪ የለኝም ልጄ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ። «በል እሺ። የወንድሜን እዋሳለሁ። ለሌሎቹም እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ዓርብ ሲመሽ፣ የቀብሩ ዋዜማ መዝሙር ሳይጀመር፣ ጓደኞቿ አንድ በአንድ እየሆኑ ገቡ። ጠጉር ተሸልቷል፣ ጥፍር ተቆርጧል፣ ሰፋፊ ግራጫ ኮት ተለብሷል። ኋላ ወንበር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጎረቤቶች ማንነታቸውን አላወቁም።

«እነዚህ ደግሞ የማን ወገን ናቸው?» አለች አንዷ፣ ጆሮ ላይ ጠጋ ብላ።

«የቀብር ማኅበር ሰዎች መሰሉኝ» አለቻት ሌላዋ።

ቴቦሆ አንሶላውን ሊሰቅል ሲነሣ ኤልፋስ ክንዱን ያዘው።

«ተወው። ፓስተሩ አልፈቀዱም። ድንኳኑ የጸሎት ነው።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ! ያሉትን ሁሉ አድርገናል።»

«አድርጋችኋል፤ ማን ካደ?» ኤልፋስ ወደ ኋላ ወንበሮች አየና ፈገግ አለ። «አምሮባቸዋል።»

ቴቦሆ ቁና ቁና እየተነፈሰ ወደ ኖማጉጉ እናት ክፍል ገባ። ማንድሎቩ ዕቃው ሁሉ በወጣለት ክፍል ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትቀመጣለች። ልጇ እስኪቀበር ከዚያ አትነሣም፤ ወጉ ነው። ስታየው ያጀቧትን ሴቶች በእጇ አስወጣቻቸው።

«ልጆቹ የታሉ? ለምን አልመጡም?» አለችው።

«መጥተዋል እማማ። ድንኳን ውስጥ ናቸው።»

«ውሸት። ጫማቸው ሲንኳኳ አልሰማሁም። ከሰኞ ጀምሮ እነዚህ ሴቶች ይጸልዩልኛል፤ እኔ ግን ዕንባ እምቢ ብሎኛል። እነዚያ ልጆች ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እየጮኹ፣ እየተሳደቡ ሲገቡ ያኔ አለቅሳለሁ ብዬ ነው የምጠብቀው። ቀሚሶቹን እኮ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ኖማጉጉ ከተማ ያለ ልብስ ሰፊ ነው ትለን ነበር…»

«ከተማ የምን ሰፊ አላት! ኤልፋስ እንዳይሰማ ብዬ አስምዬአት ነው። አረንጓዴው ላይ ያለውን ጨሌ አንድ በአንድ በእጄ ነው የለቀምኩት። ምን ለብሰው ነው የመጡት?»

«ሱሪ።»

«ማን አዘዛቸው?»

ኤልፋስ ሊል ነበር። «እኔ ነኝ የለመንኳቸው» አለ። «ፊልሙ እንዲታይ ብዬ። ደግሞም እርስዎ እንዳያፍሩ…»

«እኔን ጠየቅኸኝ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ሁላችሁም በእኔ ስም ታፍራላችሁ» አለች። «ኤልፋስም በእኔ ስም፣ አንተም በእኔ ስም። እኔ መቼ አፈርኩ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውጭ «ያ ጓደኛው ልጅ የት ሄደ? ወንበር አነሰ!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ቴቦሆ ሄዶ ወንበር ተሸከመ። እግሩ ነው ይዞት የሄደው፤ ልቡማ እዚያው ፍራሹ ዳር ቀርቷል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኖማጉጉ ኤልፋስ ባስገዛው ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ክራቫቷ ታስሮ ተቀበረች። ፓስተሩ «ወንድማችን ሙዚዋንዲሌ» እያሉ ሰበኩ፤ ስለ መድረክ፣ ስለ ፊልም፣ አንዲት ቃል አልተነሣችም። ቬሮኒካ በወንድሟ ኮት ውስጥ ትንሽ ሆና፣ በከዘራዋ ተደግፋ ታለቅሳለች። ማንድሎቩ አላለቀሰችም።

ሳጥኑ ሲወርድ ወንዶቹ ኮታቸውን አወለቁ። በዚያ አገር አፈር የሚመልሰው ወንድ ነው፤ ሦስት አራቴ ይጥልና አካፋውን ለቀጣዩ ይሰጣል፤ ማንም አይነጥቅም፣ ማንም አይዘልም። ተራው ቴቦሆ ጋ ደረሰ። ጣለ። አሁንም ጣለ። ከኋላው የቆመው ሰው እጁን ዘርግቶ ጠበቀ፣ ሰለቸውና ሰበሰበ።

«በቃህ» አለ ኤልፋስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወረፋ ነው። ሰው እያየህ ነው።»

ቴቦሆ እንደገና ዛቀ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«አንተ ልጅ፣ አካፋውን አምጣ!»

ቴቦሆ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጎንበስ አለና አፈሩን መመለሱን ቀጠለ።